ሽበት ሳይኖር ማስታረቅ፦ ከግቢያችን የዕርቅ ክበብ ያየሁት

ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እስክመረቅ ድረስ አስታራቂ ነበርኩ። መሀል አዲስ አበባ ካሉት ግቢዎች በአንዱ፣ ተማሪዎች ራሳቸው በሚመሩት የዕርቅ ክበብ ውስጥ ማለቴ ነው። የተጣሉ ልጆች ዲን ቢሮ ሳይደርሱ፣ ነገሩም ሳይገፋ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። አሁን ሥራ ይዤም ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚደውሉልኝ ልጆች አሉ። «እኛም ልንጀምር ነው፤ ከየት እንነሣ?» ይሉኛል። በስልክ ቆንጥሬ ከምነግራቸው ብዬ ያየሁትን ጻፍኩት። ግቢውን አልጠቅስም። የልጆቹንም ታሪክ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ተማሪ ተማሪን ሲያስታርቅ ትልቁ አደጋ ይቅርታው ላይ መቸኮል ነው።

ሁላችንም ሽማግሌ ሲያስታርቅ እያየን ነው ያደግነው። አባቶች ይቀመጣሉ፣ በዳዩ ይገሠጻል፣ ተበዳዩ «ለሽበታችን ስትል» ይባላል፣ ተሳስመው ይነሣሉ። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ግን የሚሠራው ከጀርባው ዘመድ አዝማዱ፣ ዕድሩ፣ ጎረቤቱ ስላለ ነው። ዕርቅ ያፈረሰ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን «ለእኔ ስትል» ቢል ማን ይሰማዋል? ልጆቹ ለይሉኝታ ይጨባበጣሉ። ከዚያ ተመልሰው የሚገቡት እዚያው ዶርም ነው። ያጣላቸው ነገር እዚያው ይጠብቃቸዋል። በሳምንቱ ጠቡ ይነሣል፤ አሁን ደግሞ «ይቅር ካልኩት በኋላ!» የሚል ንዴት ተጨምሮበታል።

ስለዚህ ክበባችን ውስጥ አንድ ደንብ ነበረን። «ይቅር ተባባሉ» የሚለውን ቃል አስታራቂ አያነሣም። ከራሳቸው አፍ ከወጣ እሰየው። የእኛ ሥራ ጉዳዩን እስከ ሥሩ መስማት፣ ከዚያም ነገ ጠዋት አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ማስማማት ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ባለ ድርብ አልጋ ላይ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች የሚተኙ ልጆች ናቸው። የታችኛው ሌሊት ነው የሚያጠናው። የላይኛው ማልዶ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሳለም በጊዜ ይተኛል። ጠቡ የመብራት ነው ተባልን። የላይኛው አምፖሉን ፈትቶ ይዞት ወጣ። የታችኛው ደግሞ የልጁን ብርድ ልብስ ኮሪደር ላይ ወረወረው። ወደ እኛ የላኳቸው የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ ናቸው።

ለየብቻ አነጋገርናቸው። የታችኛው ልጅ መጀመሪያ ስለ መብራት ብቻ ነው ያወራው። ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ፣ ላይብረሪ ለምን እንደማይሄድ፣ ምን ተብሎ እንደተሰደበ። አላቋረጥነውም። ሲጨርስ አብራኝ የነበረችው አስታራቂ «ድሮስ እንዴት ነበራችሁ? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆናችሁት?» አለችው። ዝም አለ። ቆይቶ «አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳን ሰው አላለኝም» አለ።

መርዶውን የሰማው ግቢ ውስጥ ነበር። የዶርሙ ልጆች ለትራንስፖርት አዋጥተው ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት። ይሄ ልጅ አላዋጣም፣ ሊሸኝም አልወጣም። ከለቅሶ ሲመለስም «እግዚአብሔር ያጽናህ» አላለውም። ከዚያ በኋላ ነው መብራቱን ሆነ ብሎ ማምሸት የጀመረው።

«ይሄንን ለእሱ እንንገረው?» ብለን ጠየቅነው። ይህን ጥያቄ መቼም እንዳትዘሉት። ለብቻ የተነገራችሁን ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሌላው ወገን አታሻግሩም። «እኔው እነግረዋለሁ» አለ።

አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው ነገረው። የላይኛው ልጅ አንገቱን ደፋ። ያን ሌሊት ኪሱ ውስጥ አምስት ሳንቲም እንዳልነበረው ተናገረ። ሁሉም ሲያዋጣ እሱ ብቻ ባዶ እጁን መሆኑ አሳፍሮት፣ ልጆቹ ሸኝተው እስኪመለሱ ሌላ ብሎክ ሄዶ ተደብቆ ነበር። ልጁ ሲመለስ ደግሞ «በምን ፊቴ ልበለው?» እያለ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አለፈ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ማለቱ እየከበደው ሄደ። ይህን ከተናገረ በኋላ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ተቃቀፉ። ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ዓይኑ ያልረጠበ አልነበረም።

አሁን ልብ በሉ። ልጆቹ «በቃ አመሰግናለን» ብለው ሊወጡ ነበር። እኛ ግን መልሰን አስቀመጥናቸው፤ የመብራቱ ጉዳይ ገና አላለቀማ! የዶርሙ ትልቅ መብራት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ይጠፋል ተባባሉ። ከዚያ በኋላ የሚያጠና ሰው የራሱን ትንሽ መብራት ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠቀማል። የሚድና የፋይናል ሰሞን ትልቁ መብራት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይፈቀዳል። ማልዶ የሚነሣው ልብሱንና ጫማውን ማታውኑ አውጥቶ ያስቀምጣል፤ በሌሊት ሎከር አያንኳኳም። አምፖሉን ማንም አይነካም። የቀሩት የዶርሙ ልጆችም ተጠርተው ተስማሙ፤ መብራቱ የእነሱም ነዋ። በግማሽ ገጽ ተጻፈ፣ ፈረሙበት። እስኪመረቁ ድረስ አብረው ኖሩ። ዕቅፉ ቆንጆ ነበር። ያቆያቸው ግን ይህ ግማሽ ገጽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። አስታራቂ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ከተቻለ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ከተቻለ ከተለያየ ዲፓርትመንት። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ፊት ያነባል። አንዱ ከአንዱ ተጣዪ ጋር የሚተዋወቅ ከሆነ ገና ሳይጀመር ይነሣል። «ባውቀውም አላዳላም» የሚል አስታራቂ አይበጅም። ላያዳላ ይችላል፤ ሌላኛው ልጅ ግን አያምነውም።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ላውንጅ ውስጥ ማስታረቅ አይሆንም፤ ሰው ሁሉ ያያል፣ ልጆቹም ለተመልካች ነው የሚያወሩት። ካፌ በር ላይም አይሆንም። እኛ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ለምነን አገኘን። ሁለት አግዳሚና አንድ ጠረጴዛ ነበራት፤ በቂ ናት። መቀመጫዎቹን ግን ፊት ለፊት አታፋጥጧቸው። ሰያፍ አድርጓቸው፤ ልጆቹ ሲፈልጉ እንዲተያዩ፣ ሲከብዳቸው ደግሞ ወለሉን እንዲያዩ። አንዱ በጣም የጋለ ከሆነ ክፍል ውስጥ አታስገቡት። እኛ ከአራት ኪሎ ሐውልት ወደ ፒያሳ በእግር ይዘነው እንሄድ ነበር። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ለሁለት ለሦስት ጎን ለጎን ለመሄድ ይመቻል። ዓድዋ መታሰቢያው ጋ እስክንደርስ ድምፁ ይወርዳል። ሰው እየተራመደ ሲያወራ ዓይን ለዓይን ስለማይተያይ ነው መሰለኝ፣ ቶሎ ይተነፍሳል።

ቴሌግራምን ደግሞ አደራ። አሁን ብዙው ጠብ የሚጋጋለው እዚያ ነው። አንድ ሰው በንዴት የባች ግሩፕ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ስክሪንሹት ያነሣል፣ በአንድ ሌሊት ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ገና ሲመዘገቡ የምናስገባቸው ቃል አለ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ጠቡ የትም አይጽፉም፣ ስክሪንሹት ለማንም አይልኩም። ሲስማሙም የተጻፈው ይጥፋ አይጥፋ፣ ማን ያጥፋው የሚለው ከስምምነቱ ውስጥ ይገባል።

ሥልጠናውን የሰጡን አንድ የሕግ መምህርና አንዲት የሥነ ልቦና መምህርት ናቸው። እርስ በርስ ተጣዪና አስታራቂ ሆነን እየተወንን ነበር የምንማረው። መምህራችን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዘው መጥተው ስለ ዕርቅ የሚያወሩትን አንቀጾች አነበቡልን። አስታራቂ የስምምነት ሐሳብ ከማዘጋጀቱ በፊት ሁለቱም ወገኖች ሐሳባቸውን በሙሉ እንዲናገሩ ዕድል ይሰጣል ይል ነበር። ሕጉ እንኳን መስማትን ነው ያስቀደመው። በ2013 ደግሞ ራሱን የቻለ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1237 ነው። እኛ ፍርድ ቤት የሚደርስ ጉዳይ አንይዝም ነበር። ቢሆንም አዋጁን ማንበቡ ጠቅሞናል፤ በገላጋይ ዳኛና በአስታራቂ መሀል ያለው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይገባችኋል። ዳኛው ይወስናል። አስታራቂ ምንም አይወስንም።

መምህርቷ የውጭውንም ነገሩን። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያስታርቅበት የሰፈር ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገባ። ኦሃዮ ውስጥ ባለው ኦበርሊን ኮሌጅ ተማሪውም ሠራተኛውም አብሮ ሠልጥኖ ያስታርቃል። ይህን ስትነግረን አንድ የጉራጌ ልጅ የጆካን፣ አንዲት ከወለጋ የመጣች ልጅ ጃርሱማን፣ አንድ የአፋር ልጅ መደኣን እያነሡ የየአገራቸውን የዕርቅ ሥርዓት ነገሩን። ያ ከሰዓት ከሥልጠናው ሁሉ የምወደው ነው። ክበብ ስትጀምሩ ልጆቹ በየቤታቸው ዕርቅ እንዴት እንደሚካሄድ እንዲያወሩ አንድ ሙሉ ቀን ስጧቸው። ጥሩ አስታራቂዎቻችሁ እነማን እንደሆኑ ያን ቀን ታውቃላችሁ። ሌላው ሲያወራ ዝም ብለው የሚሰሙት ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሁላችሁም የምትጠይቁኝም ይህንኑ ነው፤ የብሔር ጉዳይ።

2012ን የሚያስታውስ ያስታውሳል። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ የተማሪ ሕይወት ጠፋ። ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ግቢ የገባ ልጅ ሁሉ ያንን ፍርሃት ይዞ ነው የገባው። በትንሽ ነገር ሰው ዘሎ ወደየወገኑ ይሰበሰባል።

እኛ ጋ የመጣው የባልዲ ጠብ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን አንዱ ልጅ ለጠዋት ብሎ የሞላውን ባልዲ ሌላው ጫማውን አጠበበት። ተሰዳደቡ። ከስድቡ መሀል የብሔር ስድብ ወጣ። እራት ሳይበላ የሁለቱም ጓደኞች በየብሎኩ በር ላይ ቆመው ነበር።

መጀመሪያ ልጆቹን አላናገርንም። ወደ ሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሲኒየሮች ሄድን። «እስከ ነገ ማታ ብቻ ታገሡን፤ ልጆቻችሁን ያዙልን» አልናቸው። ያዙልንም። ግርግር ሲኖር ቀድማችሁ ማግኘት ያለባችሁ የሚሰማ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተማሪዎች ኅብረት ተመራጩ አይደለም። ልጆቹ ሲታመሙ ክሊኒክ የሚወስዳቸው፣ ገንዘብ ሲያጡ የሚያበድራቸው ነው። ከዚያ ሁለቱን ልጆች ብቻ፣ የሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ ሁለት አስታራቂዎች ይዘው ተቀመጡ። እያንዳንዱ በፈለገው ቋንቋ አወራ።

ልጆቹ «እነሱ» እያሉ ነበር። «እነሱ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው።» አስታራቂዎቹ በእያንዳንዱ «እነሱ» ላይ ረጋ ብለው «ማን ነው? ስሙን ንገረን» ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ አትሰልቹ። ቀስ እያለ የሚቀረው አንድ ስም፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጫማ ነው። ስድቡን ግን «ባልዲ ነው እኮ» ብለን አልሸፋፈንነውም። የተሰደበው ልጅ ያ ቃል ሲነገረው ምን እንደተሰማው በሙሉ ተናገረ። እናቱ በዚያ ቃል ስትሰደብ ያየበትን ቀን ጭምር። ሰዳቢው ያዳምጥ ነበር። ምንም እንዲል አልጠየቅነውም። ያለውን ያለው በራሱ ነው።

ሲያልቅ ማለቁን ለሕዝቡ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ይህ የስምምነቱ አካል መሆን አለበት። እኛ ብንነግራቸው አይሰሙንም። እያንዳንዱ ልጅ ለየራሱ ጓደኞች «አልቋል፤ በእኔ ስም ማንም እንዳይነካው» ብሎ ራሱ ነገራቸው። በማግስቱ ካፌ አንድ ጠረጴዛ ላይ በሉ፤ ለመታየት ብለው ነው፣ ተነጋግረንበት ነው። እንዲህ ዓይነቱ መታየት ያስፈልጋል።

የግሩፕ ሥራ ጠብ ብዙ አያስቸግርም። አንዱ ሳይሠራ ስሙ ገባ፣ ሌላው ስሙን ከሽፋኑ አወጣ፤ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። የቀረውን ሥራ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ከጻፉ ያልቃል። ውጤት የመምህሩ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ውስጥ አትግቡ። የብድርም እንዲሁ ነው። ቀን ቆርጠው ይፈርማሉ።

ስለማንይዘው ጉዳይ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ሴት ልጅ ተደፈረች፣ ተነካች፣ «ፎቶሽን እለቃለሁ» ተባለች ከተባለ ዕርቅ የሚባል ነገር አይነሣም። አይነሣም! በአገራችን እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌ ልኮ የመሸፈን ልማድ አለ። በተማሪ ክበብ በኩል ደግሞ ዘመናዊ መልክ ይዞ እንዲመጣ አትፍቀዱ። ወንዱ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ «አገናኙን» ቢላችሁ እንኳን እምቢ በሉ። ልጅቷን ብቻዋን አትተዉአት። ከፈቀደች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ድረስ አብራችኋት ሂዱ። ሐኪም ጋ ቶሎ መድረስ እንዳለባት ንገሯት፤ ለጤናዋም ለማስረጃውም ጊዜ ወሳኝ ነው። የደረሰባትን እንድትዘረዝርላችሁ አትጎትጉቷት። አንድ ወገን ሌላውን የሚፈራበት ጠረጴዛ ላይ ስምምነት አይገኝም፤ የሚገኘው መገዛት ነው። ድብደባና መሣሪያ ያለበትም እንደዚሁ ነው፤ ወደሚመለከተው አካል ይሄዳል። ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል የሚናገር ልጅ ካጋጠማችሁም ጠቡን ተዉትና ሰውየውን ያዙ። ያን ሌሊት ብቻውን እንዳያድር አድርጉ፣ ከአማካሪ ጋር አገናኙት።

ይህንን ድንበር በሩ ላይ በትልቁ ጽፈን ለጥፈን ነበር። የሚገባ ሁሉ ቀድሞ ያነበዋል። ምሥጢር የምንጠብቀውም እስከዚያ ድንበር ድረስ ብቻ መሆኑን ገና ሳይቀመጡ እንነግራቸዋለን።

ከአስተዳደሩ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ቀጭን መሆን አለበት። ክፍል ይስጧችሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይስጧችሁ። ስም ግን አትስጧቸው። እኛ በየሴሚስተሩ የምናስገባው ሪፖርት የጉዳዮችን ዓይነትና ብዛት ብቻ ነበር፤ የዶርም፣ የግሩፕ፣ የብድር እየተባለ። አንዴ ስም ከወጣ ማንም አይመጣም። ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ተነጋገሩበት፣ በጽሑፍም አድርጉት፤ ኋላ ሰው ሲቀየር ወረቀቱ ይቀራል። ለራሳችሁ የምትይዙት ማስታወሻም ቢሆን ጉዳዩ ሲዘጋ ይቀደድ። የሚቀረው የፈረሙበት ስምምነት ሲሆን፣ እሱም በልጆቹ እጅ ነው የሚቀረው።

ፕሮክተሮችን፣ የጥበቃ ሠራተኞችንና የፅዳት እናቶችን አትርሱ። ጠብ ሲጀመር ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው። ዓመቱ ሲጀመር ሰብስባችሁ ቡና አፍሉላቸው፣ ሥራችሁን አስረዷቸው። እኛ ጋ በጊዜ ከመጡት ጉዳዮች ብዙዎቹን የላኩልን እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ ርክክብ ነው። ክበብ የሚሞተው ሲኒየሮቹ ሲመረቁ ነው። ስለዚህ አስታራቂ የምትመርጡት ከፍሬሽ ሁለተኛ ሴሚስተር ጀምሮ ይሁን። አዲሱ ልጅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ምንም ሳይናገር ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ያዳምጥ፤ ለዚህም ተጣዪዎቹን አስፈቅዱ። በቀጣዩ እሱ ይጠይቅ፣ ነባሩ ያዳምጥ። ግንቦት ሳይገባ የክፍሉን ቁልፍ፣ የዲኑን ደብዳቤ ቅጂና የሚላክባቸውን ቢሮዎች ስልክ በእጁ አስረክቡት። ሰኔ ላይ ሁሉም ለፋይናልና ለምርቃት ይሯሯጣል፤ ያኔ እናስረክብ ብትሉ አትገናኙም።